ዋዛ ዋዛ አይደለም

አሶሳን ለማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ «ዋዛ» ቀልድ ነው። «እንደ ዋዛ»፣ «ዋዛ ፈዛዛ» እንላለን። እዚህ እኛ ጋ ግን ዋዛ የበርታ ሕዝብ የትንፋሽ ሙዚቃ ነው፤ መሣሪያውም፣ የሚነፋው ቡድንም በዚሁ ስም ይጠራል። ድምፁ ገጠመ እንጂ ቃሉ ሌላ ነው። አዲስ ተማሪዎች በየዓመቱ ይስቁበታል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከሳቁ በኋላ ክፍል ውስጥ የምለውን ዛሬ እዚህ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ መሣሪያው። ዋዛ የሚሠራው ከቅል ነው። የተቆረጡ ቅሎች አንዱ ባንዱ ውስጥ እየተሰካኩ፣ ከአፍ በኩል ጠበብ፣ ከወዲያ በኩል ሰፋ እያሉ ረጅም ጥሩምባ ይሆናሉ። ትልቁ የሰው ቁመት ሊያህል ይችላል። የጣት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ አንድ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ቡድን ብዙውን ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዋዛ ይኖረዋል፤ መጠናቸው ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሄዳል፣ እያንዳንዱም የየራሱ ስምና ቦታ አለው። ከነፊዎቹ ውስጥ ትከሻቸው ላይ ያደረጉትን ቀንድ ወይም እንጨት በሌላው እጃቸው እየመቱ የሚነፉ አሉ። ሴቶቹና ወጣቶቹ ዙሪያውን ይጨፍራሉ።

ይሄን ክፍል ውስጥ የማስረዳው እንዲህ ነው። ሦስት ልጆች አስነሳለሁ። አንዱን «ሰ» በል፣ ሁለተኛዋን «ላ» በይ፣ ሦስተኛውን «ም» በል እላለሁ። በተራ ሲሉት ሰላም ይሆናል። ፍጠኑ ስላቸው ያደናቅፋቸዋል፣ ከአምስተኛው ሙከራ በኋላ ግን የአንድ ሰው ድምፅ ይመስላል። ከዚያ «ላ»ዋን ልጅ አስቀምጣታለሁ። «ሰም» ብቻ ይቀራል። ዋዛ ይሄ ነው በሉት፤ አሥራ ሁለት ፊደል ለአሥራ ሁለት ሰው ተከፋፍሎ፣ ማንም ቃሉን ብቻውን ሊለው አይችልም።

ዘዴው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የሰሜኑ እምቢልታም በሦስት ሰው የሚነፋ፣ ዜማው በሦስቱ መሀል የሚሟላ ነው። ጎረቤቶቻችን ጉሙዞችም ዙምባራ የሚሉት ተመሳሳይ የጥሩምባ ቡድን አላቸው። ሌላው ዓለምም አለ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሩሲያ መኳንንት ገባሮቻቸውን ሰብስበው ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ ያለው ቀንድ እየሰጡ ኦርኬስትራ ያቋቁሙ ነበር። ልዩነቱ እዚያ የሚሰበስባቸው ጌታ ነው። እዚህ የሚሰበሰበው ጎረቤት ነው፣ እህል ከገባ በኋላ፣ ማሽላው ጎተራ ሲደርስ።

እንግዲህ የታሪክ አስተማሪ ነኝና ወደ ታሪኩ ልግባ። የአንድ መንደር ዋዛ ቡድን ታሪክ በመጽሐፍ አታገኙትም። ስለ ቤላ ሻንጉል የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የወርቅ፣ የጨው፣ የሼኮችና የጦር ታሪክ ነው። እኔ ግን ያንኑ ታሪክ ሳስተምር አንድ ጥያቄ አይለቀኝም፦ በዚያን ጊዜ ዋዛ የሚነፉት ሰዎችስ?

እ.ኤ.አ. በ1820 የግብፁ መሐመድ አሊ ልጁን እስማኤልን ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ወደ ደቡብ ሰደደው፤ ጦሩ ፋዞግሊ ድረስ፣ ማለትም በርታዎች አገር ድረስ መጣ። የባሪያ ንግዱ ከዚያ በኋላም አልቆመም፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ቀጥሏል። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ራስ መኮንን የአፄ ምኒልክን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ ሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ተይዘው አዲስ አበባ ከታሰሩ በኋላ ተፈትተው ለምኒልክ ወርቅ እየገበሩ አካባቢውን ገዙ። ይሄን ሁሉ ተማሪዎቼ ለፈተና ያውቁታል። አሁን ግን በ«ሰ - ላ - ም» አስቡት። አሥራ ሁለት ነፊ ካለው መንደር ሦስት ወጣት ቢወሰድ ያ መንደር የሚያጣው ሦስት ሰው ብቻ አይደለም፣ ዜማውም ይበሳል። ክራር የሚመታ አንድ ሰው ብቻውን ተሰዶም ሙዚቃውን ይዞ ይሄዳል። ዋዛ እንዲህ አይሄድም። ዛሬ ድረስ መኖሩ ራሱ፣ ለእኔ፣ ክፍተቱን ማን እየተነሳ ሞላው የሚያሰኝ ነው።

ቀጥሎ ድንበሩ መጣ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዞች ተፈራርመው መስመሩ ሲሰመር በርታዎች ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ቀሩ። ኩርሙክን ያየ ያውቀዋል፤ ሁለት ከተማ፣ አንድ ስም፣ መሀሉ ወንዝ። ዋዛን በቴፕ ቀርጾ ካጠና ፈረንጅ መሀል ስሙ የሚነሳው ጀርመናዊው አርቱር ሲሞን የሠራው በሱዳን በኩል ባሉት በርታዎች ላይ ነው። በኋላ አገራችን ያፈራቻት ተመራማሪ ጥምቀት ተፈራም ጽፋበታለች። የበርታ ልጆች የሆናችሁ ተማሪዎቼ ይሄን ፈልጋችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ስለ አያቶቻችሁ የተጻፈ ነው።

እኔ የበርታ ልጅ አይደለሁም። ወላጆቼ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች አንዱ ውስጥ ያረፉ ናቸው። እኛ ቤት የነበረው መንዙማና ዋሽንት ነው። ማታ ማታ ከማዶ የሚመጣውን የዋዛ ድምፅ ግን የሰማሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ከሩቅ አንድ ትልቅ እንስሳ የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር። እናቴ «ጎረቤቶቻችን እህላቸውን አስገቡ ማለት ነው» ትለን ነበር።

በደርግ ጊዜ ኪነት መጣ። ትልልቆቹ ታስታውሱታላችሁ፤ ቀበሌው ኪነት፣ አውራጃው ኪነት። አሶሳ ያኔ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ናት። ኪነት ብዙ ባለሙያ ማፍራቱን አልክድም። «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለውም ቡድን ለድርቁ እርዳታ ምስጋና ይዞ አውሮፓና አሜሪካን ዞሯል። ነገር ግን ኪነት የሚመርጠው ሰው ነው። ጥሩ ድምፅ ያላትን፣ ጥሩ እስክስታ የሚወርደውን ይመርጣል። ከዋዛ ማንን ትመርጣለህ? «ላ»ን ይዘህ «ሰ»ን ትተህ ትሄዳለህ?

በኅዳር 2007 ዘጠነኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን አሶሳ ላይ ተከበረ። ከተማዋ አምራ ነበር፣ እኔም ኮርቼ ነበር፣ ዛሬም እኮራለሁ። ግን መድረክ ሰዓት አለው። ደቂቃ ተቆጥሮ ይሰጥሃል፣ ካሜራው ይዞራል፣ ቀጣዩ ቡድን ይጠራል። ዋዛ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፤ ነፊዎቹ እስኪደማመጡ፣ እግሩ ከትንፋሹ እስኪገጥም ጊዜ ይፈልጋል። መድረክ ላይ ያየው ሰው ረጅም ቅልና ያማረ ልብስ አየ። መንደር ውስጥ ሌሊቱን የሚሆነውን አላየም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትምህርት ቤት የባህል ክበብ ለዓመቱ መዝጊያ ከአንድ መንደር ዋዛ ጠየቀ። የትራንስፖርት ብር ስላነሰ «ሦስት ሰው ይበቃል» ተባለ። ሽማግሌው ሳቁ፣ ከዚያ ሁሉም ይምጡ ወይ ማንም አይምጣ አሉ። የቡድኑ ሰዎች በመጨረሻ ግማሹን መንገድ በእግር መጡ፣ ቅሉ እንዳይሰበር መኪና ላይ ላለመጫንም ጭምር። ስንት እንደሆኑ ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ። ለምን ዘጠኝ እንደሆነ ጠየቅኩ። አንዱ አርጅቷል፣ አንዱ ወርቅ ቁፋሮ ሄዷል፣ የአንዱ ዋዛ አለ ሰውየው የለም። የጎደለውን አንዳንዱ በራሱ ቦታ ላይ ደርቦ እየሮጠ ይነፋ ነበር። ተመልካቹ አላወቀም። እነሱ ያውቃሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ በ2004 መግቢያ የብሉ ናይል ጦርነት ሲነሳ፣ ከሚያዝያ 2015 ወዲህም ሱዳን ስትታመስ፣ በኩርሙክ በኩል የተሰደደው ሕዝብ ውስጥ ያው የበርታ ወገን አለበት። ሸርቆሌ ካምፕ ከ1989 ጀምሮ አለ፣ ባምባሲም ሌላ። በ1894 የተለያዩ ዘመዳሞች በስደት አንድ ወረዳ ውስጥ ገብተዋል። የወዲህ መንደር የጎደለውን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መንጌ፣ ኩርሙክ፣ ሆሞሻ፣ ሸርቆሌ ላላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ የቤት ሥራ አለኝ፣ ማርክ የለውም። ስልክ አላችሁ። ሲጨፈር መቅረጽ ቀላል ነው፣ ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ፤ ግን አሥራ ሁለት ድምፅ በአንድ ላይ ከተቀረጸ የቱ የማን እንደሆነ ማንም ለይቶ አያወጣውም። ሲምሃ አሮም የተባለ ተመራማሪ በመካከለኛው አፍሪካ የቀንድ ቡድኖችን ሲያጠና ነፊዎቹን ለየብቻ እያደረገ ነበር የቀዳቸው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ፈቃድ ጠይቁ፣ ከትንሹ ጀምራችሁ እስከ ትልቁ አንድ በአንድ አስነፉ፣ የእያንዳንዱን ስም በበርታኛ አስጠሩና ቅረጹ፣ ከማን እንደተማረው ጠይቁ። የጎደለ ዋዛ ካለም እንዳትዘሉት፤ ስሙንና ቦታውን ጻፉ፣ ከየትኛው ቀጥሎ ይነፋ እንደነበርም።