ግሬት ዌስተርን የተባለች የሳራ ዜና

በፈረንጆች ቁጥር በ1845፣ በአገራችን ራስ ዓሊ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ሲገዙ፣ ጄኔራል ዛካሪ ቴይለር የአሜሪካን ጦር ይዞ በቴክሳስ ባሕር ዳር ኮርፐስ ክሪስቲ በተባለ ስፍራ ሰፈረ። ቴክሳስ ከአሜሪካ ጋራ ተቀላቅላ ነበርና ሜክሲኮ ተቆጥታ ነበር፤ ድንበሩም ገና አልተለየም። ከዚህ ጦር ጋራ ሳራ የምትባል የአንድ ወታደር ሚስት መጣች። የተወለደችው በ1812 ወይም በ1813 ነው፤ አገሯን አንዱ ቴነሲ ሲል ሌላው ሚዙሪ ይላል። ቁመቷ ስድስት ጫማ ያህል ሆኖ ከብዙ ወንዶች በላይ ትታይ ነበር። በዚያ ወራት አትላንቲክን የሚያቋርጥ ግሬት ዌስተርን የሚባል ታላቅ የእንፋሎት መርከብ ነበረ፤ ወታደሮቹም በሳራ ግዝፈት ተደንቀው በመርከቡ ስም ጠሯት። እርሷም ስሙን አልጠላችውም።

የጦሩ ሥርዓት እንዲህ ነበረ። በ1802 በወጣው ሕግ በየሻምበሉ እስከ አራት አጣቢ ሴቶች ይፈቀዳሉ፤ ለእያንዳንዷም በቀን የአንድ ሰው ቀለብ ይሰፈርላታል፤ የእጥበቱን ዋጋ ግን የምትቀበለው ከየወታደሩ ነው። ብዙዎቹ የወታደር ሚስቶች ነበሩ። ሳራ ግን በልብስ አጠባ ብቻ አልተወሰነችም። ወጣት መኮንኖችን ሰብስባ በገንዘብ ታበላቸው ጀመር። ድስት፣ መጥበሻ፣ የቡና ማፍያ ገዛች፤ የእሳቱም ጢስ ከጄኔራሉ ድንኳን ይልቅ ሰው ይስብ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። እኔ ይህችን ሴት ከሁሉ አስቀድሜ ነጋዴ የምላት ስለዚህ ነው። የጀግንነቷ ወሬ የመጣው ከምግብ ቤቷ በኋላ ነው፤ የመጣውም ከምግብ ቤቷ ሥራ ነው።

በ1846 በመጋቢት ገደማ ጦሩ ወደ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ሲነሣ ሴቶቹ በመርከብ እንዲሄዱ ታዘዘ። ባሏም ታሞ ነበርና በመርከብ ተላከ። እርሷ ግን የሚበሉት መኮንኖች በእግር እየሄዱ አብሳያቸው በባሕር መሄዷ አልታያትም፤ ጋሪና በቅሎ ገዝታ ዕቃዋን ጭና፣ ልጓሙን ራሷ ይዛ ከጦሩ ጋራ ተጓዘች። አሮዮ ኮሎራዶ ከተባለው ውሃ ሲደርሱ ሜክሲኮዎች ከማዶ ቆመው፣ ከተሻገራችሁ እንተኩሳለን ብለው ዛቱ። ሳራም ጄኔራሉ ቢፈቅድልኝ ብቻዬን ተሻግሬ እነዚያን ሁሉ እገርፋቸዋለሁ አለች ይባላል። ጄኔራሉ አልፈቀደላትም፤ ጦሩ ተሻገረ፣ ሜክሲኮዎችም ሳይተኩሱ ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ቴይለር በማታሞሮስ ከተማ አንጻር በወንዙ ዳር የአፈር ምሽግ አሠራ። ምሽጉን ለሻለቃ ጃኮብ ብራውን 500 ያህል ሰው ሰጥቶ አስጠበቀና ስንቅ ሊያመጣ ወደ ባሕር ወደ ፖይንት ኢዛቤል ወረደ። እርሱ በሄደበት፣ ሜይ 3 ቀን ሲነጋ፣ የሜክሲኮ መድፍ ከወንዝ ማዶ መተኮስ ጀመረ፤ እስከ ሜይ 9 ድረስም አልበረደም። የቀሩት ሴቶች መድፍ ከማይደርስበት መሸሸጊያ ገብተው የአሸዋ ከረጢት ይሰፉ ነበር። ሳራ ግን በግልጥ ሜዳ ላይ እሳቷን አንድዳ ቁርስ ስትሠራ፣ ምሳ ስታሰናዳ፣ እራት ስታበላ ሰነበተች። ትኩሱን ቡና በባልዲ ተሸክማ ከአንዱ መድፍ ወደ አንዱ መድፍ ትዞራለች፤ ተኳሹ እጁን ከመድፉ ሳያርቅ ትቀዳለታለች፤ የባቄላውንም ሾርባ እንደዚሁ። አንድ ጥይት የራስ መሸፈኛዋን በስቶ አለፈ፤ ሌላው የተሸከመችውን የዳቦ ትሪ መታ። ትሪውን አልጣለችም። ቁስለኛም ሲመጣላት ትጠግን ነበር። ሜክሲኮዎች ምሽጉን ዘለው ይገባሉ የሚል ወሬ ሲሰማ ጠመንጃ ይሰጠኝ ብላ ተቀበለች። ሻለቃ ብራውን ሜይ 6 ቀን ቆስሎ ሜይ 9 ቀን ሞተ፤ ምሽጉም በስሙ ፎርት ብራውን ተባለ፤ ዛሬ በዚያ ያለችው ከተማ ብራውንስቪል የተባለች ከእርሱ የተነሣ ነው። ጋዜጦቹ ሳራን የፎርት ብራውን ጀግና ብለው ጻፉላት። የጦርነቱ ፍትሕ ሌላ ነገር ነው፤ ሜክሲኮ በዚህ ጦርነት ከአገሯ ግማሽ ያህሉን አጣች፤ ይህን ሳያወሱ የሳራን ወሬ ብቻ ማሞገስ አይገባም።

ጦሩ ወደ ሜክሲኮ ሲገባ ሳራ ተከትላ ገባች፤ ሳልቲዮ በተባለች ከተማም አሜሪካን ሃውስ የሚል ሆቴል ከፈተች። በዚያ መኮንኑ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል። መጠጥ ቤትም ነበር፤ ሴቶችም ነበሩበት። በኋላ የጻፉላት ሰዎች ይህን አንዱ ሸፋፍኖ ሌላው አግዝፎ ተርከውታል፤ እርሷ ግን ገንዘቧን ትቆጥር ነበር።

በ1847 በፌብሩዋሪ 22 እና 23 በቡዌና ቪስታ ታላቅ ውጊያ ሆነ። የሜክሲኮው ጄኔራል ሳንታ አና 15,000 ያህል ጦር ይዞ መጣ፤ የቴይለር ጦር 4,700 ያህል ነበረ። በመካከሉ አንድ የሸሸ ወታደር ሆቴሏ ደርሶ ቴይለር ተሸነፈ ብሎ ቢያወራ፣ ሳራ በጥፊ መታ ጣለችውና ቴይለርን የሚያሸንፍ ሕዝብ ሜክሲኮ ሁሉ ቢሰበሰብ እንደማይገኝ ነገረችው ይባላል። በዚያው ቀን የምትወደው ካፒቴን ጆርጅ ሊንከን ወደቀ። አባቱ ሊቪ ሊንከን የማሳቹሴትስ ገዥ የነበረ ሰው ነው። የሟች ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ነጭ ፈረሱም ወጣ። ተጫራቾቹ ጥቂት ጥቂት ሲጨምሩ ሳራ በአንድ ጊዜ 250 ዶላር አለችና ፈረሱን ገዛች፤ ከዚያም ወደ ሟቹ እናት እንዲላክ አደረገች ይባላል።

ሰላም በሆነ ጊዜ፣ በ1848 ክረምት፣ ፈረሰኛ ጦር ወደ ካሊፎርኒያ ሊሄድ ተሰለፈ። ሳራም ሠረገላዎቿን ጭና ለመከተል ብትቀርብ፣ የወታደር ሚስት ካልሆንሽ አትሄጂም ተባለች። በዚያ ጊዜ የነበረው ሳሙኤል ቻምበርሌን የተባለ ወታደር እንደ ጻፈው፣ ፈረሷን ጋልባ በሰልፉ ፊት እያለፈች 15,000 ዶላር ያላት ሚስት የሚፈልግ ማን ነው እያለች ጮኸች። ዴቪስ የተባለ ወታደር እኔ አለ፤ ሥርዓቱንም የሚፈጽም ቄስ ይምጣልኝ አለ፤ እርሷ ግን ቄስ አያስፈልግም ብላ አስከተለችው። ቻምበርሌን ቀልድ ወዳድ ስለሆነ ያጋነነ ይሆናል። ነገሩ ግን ከሥርዓቱ ጋራ ይስማማል፤ ለጦር ሰፈር የሚያስገባው ፈቃድ ባል ነበርና እርሷም ባል አገኘች። ዴቪስ ብዙ ሳይቆይ ከታሪኩ ወጣ። ስለዚህም ስሟን በመዝገብ የሚፈልግ ሰው ይደክማል፤ አንዴ ቦርጂኒስ፣ አንዴ ቡርዴት፣ አንዴ ዴቪስ፣ በመጨረሻም ቦውማን ሆና ትገኛለች።

በ1849 ወርቅ ፈላጊው ሕዝብ ወደ ካሊፎርኒያ ሲጎርፍ ሳራ በሪዮ ግራንዴ ሰሜን ዳር፣ ዛሬ ኤል ፓሶ በተባለው ስፍራ ሆቴል ከፈተች። መንገደኛው ሁሉ በዚያ ያልፍ ነበርና ቦታውን የመረጠችው ባጋጣሚ አይደለም። በኒው ሜክሲኮም አልበርት ቦውማን የሚባል በዕድሜ ከእርሷ እጅግ የሚያንስ ወታደር አገባች።

ቦውማን ከጦር ሲሰናበት ሁለቱ ወደ ምዕራብ ሄዱ፤ ኮሎራዶና ሂላ ወንዞች ወደሚገናኙበት ወደ ፎርት ዩማ። ምድሩ በረሃ፣ ሙቀቱ የሚያቃጥል፣ ስንቁ ከባሕር በጀልባ የሚመጣ ነበረ። እንዲህ ባለ ስፍራ ጥሩ አብሳይ ከመድፍ አታንስም። የጦር ሰፈሩ አዛዥ ሻለቃ ሳሙኤል ሄይንዝልማን በዕለት ማስታወሻው ያነሳታል። ለመኮንኖቹ ምግብ ሠራች፣ ሕሙማን ጠበቀች፣ ከወንዙ ማዶም የጭቃ ቤት ሠርታ ሆቴል አቆመች፤ በዚያም ዙሪያ ዩማ የምትባለው ከተማ በቀለች። የሜክሲኮና የነባር አሜሪካውያን ልጆችንም ወስዳ አሳደገች። ጦሩ ወደ ሶኖይታ ፎርት ቡካናን ሲወርድ እርሷም ጥቂት ዓመት ተከትላ በአጠገቡ ነግዳለች፤ ኋላ ግን ወደ ዩማ ተመለሰች።

ቦውማን በኋላ ሌላ ወጣት ሴት ይዞ ተለያት። ሳራም በ1866 በዲሴምበር ወር ሞተች፤ ያገሩ ሰው ሸረሪት ነድፏት ነው ይላል። በፎርት ዩማ መቃብር በካቶሊክ ሥርዓት ጸሎት ተደርጎላት፣ ወታደሮቹም በክብር ሸኝተው ቀበሯት።

በ1890 መንግሥት የዚያን መቃብር አስቆፍሮ ከ150 የሚበልጡ ሬሳዎች አውጥቶ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ወደ ፕሬሲዲዮ ብሔራዊ መቃብር አዛወረ። የሳራም አጥንት ከወታደሮቹ ጋራ ተወሰደ። ዛሬ ድንጋይዋ ላይ የተጻፈው ስም የመጨረሻ ባሏ ስም ነው፤ ሳራ ኤ. ቦውማን ይላል።