በዘጠኝና በአሥር መካከል

ካርዱ ከመዳፍ አይሰፋም። ዙሪያው ሰማያዊ ነው፤ መሐሉ ላይ የኤድመንተን ኦይለርስን ማልያ የለበሰ ቀጭን ልጅ ይታያል። ልጁ ዌይን ግሬትስኪ ነው፤ ካርዱ በ1979 ሲታተም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና 18 ዓመቱ ነበር። ጨዋታው የበረዶ ሆኪ ነው፤ የእኛን የገና ጨዋታ በረዶ ላይ እንደማየት ያለ።

አሳታሚው ኦ ፒ ቺ በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ግዛት፣ ለንደን በምትባል ከተማ የነበረ የማስቲካ ፋብሪካ ነው፤ ካርዱም ከማስቲካው ጋር ይሸጥ ነበር። የሆኪ ካርድ የተወለደው ግን ከማስቲካ ጋር አይደለም። በ1910 ገደማ የካናዳ ካርዶች ይወጡ የነበረው ከሲጋራ ፓኮ ነው።

ስለ ወደፊት ዋጋው ማን አሰበ! ልጆቹ ካርዱን በላስቲክ ጠፍረው ኪሳቸው ይከቱታል፤ ግድግዳ ሥር እየወረወሩ ይበላሉበታል፤ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ላይ ሰክተው እንደ ሞተር ያስጮኹታል። ከልጆቹ እጅ የተረፈውም ከፋብሪካው አልተረፈም። ኦ ፒ ቺ ትልቁን ሉህ ይቆርጥ የነበረው በሽቦ ስለሆነ ጠርዙ ይሻክራል፤ ምስሉም ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ሰማያዊው ዙሪያ ደግሞ ምሕረት አያውቅም፤ ማዕዘኑ ትንሽ ከተላጠ ነጩ ወረቀት ወዲያው ያጋልጠዋል።

«ንጹሕ ነው» የሚል ሻጭና ፖስታውን ከፍቶ የሚበሳጭ ገዢ ለዓመታት ተነታርከዋል። በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፒ ኤስ ኤ የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ ዳኝነቱን ያዘ። ማዕዘኑን፣ ጠርዙን፣ ገጽታውንና ምስሉ መሐል መዋሉን ያይና ከ1 እስከ 10 ቁጥር ሰጥቶ ካርዱን በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽገዋል።

ከዚያ ወዲህ ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩን ሆነ። ቀጥሎ ያን ቁጥር ያገኙ ስንት ካርዶች እንዳሉ ከድርጅቱ ቆጠራ ያያል፤ ከዚያ የቅርብ ጊዜ ጨረታዎችን ይፈትሻል። ሻጭ የሚጠራው ምኞት ነው፤ የሚያዘው የተከፈለው ነው። ከግሬትስኪ የኦ ፒ ቺ ካርዶች 10 ያገኙት ሁለት ብቻ ናቸው። ባለ 10ሩ በ2016 በ465 ሺህ ዶላር፣ በዲሴምበር 2020 በ1.29 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። አምስት ወር ቆይቶ 3.75 ሚሊዮን አወጣ። የኮቪድ ወረርሽኝ ወራት ገበያውን አግለውት ነበርና በመጨረሻው ሽያጭ ብቻ የገመተ ሰው ሊከስር ይችላል። ባለ 9ኙ በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ልዩነቱን ያለ አጉሊ መነጽር የሚለይ ግን ጥቂት ሰው ነው።

በኋላም ሬጃይና በምትባል የካናዳ ከተማ፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ የ1979 ካርድ የታጨቀበት ያልተከፈተ ካርቶን ተገኘ፤ 16 ሳጥን፣ 10,752 ካርድ። በፌብሩዋሪ 2024 ጨረታ ላይ 3.72 ሚሊዮን ዶላር ተጠራበት። በስሌት ከሄድን 27 ያህል ግሬትስኪ ይኖሩታል፤ ከእነሱ አንዱ እንኳ 10 ስለመሆኑ የሚምል የለም።

ዳኛውስ? ፒ ኤስ ኤ መጀመሪያ የመዘነው ካርድ የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ነው። የካርዱ ባለቤቶች ደግሞ፣ ነገር እንዲህ ይገጣጠማል፣ ራሱ ግሬትስኪና የሎስ አንጀለስ ኪንግስ ሆኪ ቡድን የያኔው ባለቤት ብሩስ ማክናል ነበሩ፤ በ1991 ሶዝቢስ በተባለው የጨረታ ቤት 451 ሺህ ዶላር ከፍለውበታል። ድርጅቱም 8 ሰጠው። በ2007 ያው ካርድ በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2013 ካርዱ ቀድሞ በእጁ ያለፈ አጫራች ቢል ማስትሮ ጠርዙን መቁረጡን ለፍርድ ቤት አመነ። በፒ ኤስ ኤ ደንብ ጠርዙ የተቆረጠ ካርድ ቁጥር አይሰጠውም፤ 1 እንኳ።