የሐረር ኪታቦች ጠባቂ

ከደብረ ማርቆስ ሐረር ሩቅ ናት። የአያት ኪታብ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጠ ቤተሰብ ሁሉ ግን የአቶ ዐብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍን ታሪክ ቢሰማ ደስ ይለናል።

ያደጉት ወላጆች ለልጆቻቸው ስለ ሐረሪ ታሪክ መናገር በሚፈሩበት ዘመን ነበር። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ መሰብሰብ ጀመሩ። መጀመሪያ የሰበሰቡት ኪታብ አይደለም፤ የቆዩ የሐረሪ ዘፈን ካሴቶችን ነው! ከዚያ በየቤቱ የተቀመጡትን የእጅ ጽሑፎች መፈለግ ያዙ። ከጊዜ ብዛት ከአንድ ሺህ በላይ ሆኑ፤ ግማሽ ያህሉ ቁርኣን ነው።

ያረጀ ኪታብ ግን ማግኘቱ ብቻ አይበቃም፤ ገጹ ይበተናል፣ ሽፋኑ ይገነጠላል። ሐረር ጥንት በመጽሐፍ ጥረዛ የታወቀች ከተማ ነበረች። የጥንቱ ሙያ የመጨረሻው ሊቅ ከቢር ዓሊ ሸይኽ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሞቱ ጥበቡ አብሯቸው ሊቀበር ምንም አልቀረውም። አቶ ዐብዱላሂ የከቢርን ተማሪዎች ፈልገው ከእነርሱ ተማሩ፤ በአዲስ አበባና በሞሮኮም ሠለጠኑ። በእኛ ግምት ትልቁ ሥራቸው ይኸው ነው፤ ሰብሳቢ አይጠፋም፣ መልሶ የሚጠርዝ ግን ብርቅ ነው። አላህ ምንዳቸውን ያብዛላቸው።

ስብስቡን በመጀመሪያ ያኖሩት በገዛ ቤታቸው ነበር። በኋላ ክልሉ የራስ ተፈሪን ቤት ሰጣቸው፤ ኪታቦቹም እዚያ ገቡ።