የተሳሳተው ንባብ፦ ባይካርቦኔትና የኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ

እ.ኤ.አ. በ1952 የበጋ ወራት ኮፐንሃገን ከተማን ብርቱ የፖሊዮ ወረርሽኝ መታት። የመተንፈሻ ጡንቻቸው ለሰለለ ሕሙማን በብሌግዳም ሆስፒታል የነበረው መሣሪያ አንድ «የብረት ሳንባ» እና ደረት ላይ የሚታሰሩ ስድስት አነስተኛ መተንፈሻዎች ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእነዚህ ከታከሙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ።

ሕሙማኑ ከመሞታቸው በፊት ያልባቸዋል፤ የደም ግፊታቸውም ይንራል። የላቦራቶሪው ውጤት ደግሞ በደማቸው ውስጥ ያለው ጠቅላላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከፍተኛ መሆኑን ያሳያል። የዚህ መጠን አብዛኛው ክፍል ባይካርቦኔት በመሆኑ፣ ሐኪሞቹ ምክንያቱ ያልታወቀ አልካሎሲስ ነው ብለው ተረጎሙት። የቀረውንም ምልክት ቫይረሱ አንጎልን በመጉዳቱ የመጣ አድርገው ተመለከቱት።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው የስሕተቱ መፍቻ በዚያችው ከተማ የተወለደ መሆኑ ነው። ሶረንሰን የፒኤችን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያስተዋወቀው በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ነበር። የአሜሪካዊውን የሄንደርሰንን ቀመር በሎጋሪዝም የጻፈው ሃሰልባልክም የዴንማርክ ሰው ነበር። በቀመሩ መሠረት ፒኤችን የሚወስነው የባይካርቦኔቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ያለው ንጽጽር ነው። በጤናማ ሰው ባይካርቦኔት 24 ሚሊሞል በሊትር፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 40 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ ሲሆን ንጽጽሩ 20 ለ1፣ ፒኤቹም 7.4 ይሆናል። ባይካርቦኔቱ ወደ 30፣ ግፊቱ ግን ወደ 80 ቢወጣ ፒኤቹ ወደ 7.2 ይወርዳል። ጠቅላላው መጠን ጨምሯል፤ ደሙ ግን አሲድ በዝቶበታል። ከሳንባ ያልወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ሃይድሮጅን አዮንና ባይካርቦኔት ይሰጣልና። ሃይድሮጅኑን ሄሞግሎቢንና ሌሎች በፈሮች ሲይዙት ባይካርቦኔቱ በደም ውስጥ ይቀራል። ሐኪሞቹ ያዩት ይህን ትርፍ ነበር።

የሆስፒታሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ላሰን የማደንዘዣ ሐኪሙን ብዮርን ኢብሰንን ለምክክር ጠሩ። ኢብሰን ሕሙማኑ የሚሞቱት በአየር እጥረት መሆኑን ተከራከረ። ኦገስት 27 ቀን በሞት አፋፍ ላይ የነበረች የ12 ዓመት ልጅ ቀረበችለት። የአየር ቧንቧዋ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ ቱቦ ገባላት። ስትታገል መተንፈስ ስላልተቻለላት ኢብሰን በማደንዘዣ ትግሏን አቆመና አየርን በጎማ ከረጢት በእጁ ይገፋላት ጀመር። ላቧ ደረቀ፤ የደም ግፊቷም ወረደ። ወደ ደረት መተንፈሻው ስትመለስ ምልክቶቹ ተመለሱ፤ እንደገና በእጅ ሲተነፈስላት ጠፉ። ልጅቷ ከወረርሽኙ ተርፋለች።

የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ኃላፊ ፖል አስትሩፕም የሕሙማኑን የደም ፒኤች በኤሌክትሮድ ለክቶ ዝቅተኛ ሆኖ አገኘው። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ 1,500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ እየተተካኩ፣ ሌሊትና ቀን፣ በአጠገባቸው ለተኛው ሕመምተኛ ከረጢቱን ሲጨምቁ ከረሙ። ከአሥር ስምንትና ዘጠኝ ይደርስ የነበረው የሞት መጠን ከግማሽ በታች ወረደ።

የካርቦን ዳይኦክሳይድን ግፊት በቀጥታ የሚለካ ኤሌክትሮድ ገና በሕክምና አገልግሎት ላይ ስላልነበረ፣ አስትሩፕ ሌላ መንገድ ፈለገ። አንዱን የደም ናሙና ግፊታቸው ከታወቀ ሁለት የጋዝ ቅልቅሎች ጋር እያመጣጠነ ፒኤቹን ለካ፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል በሚሰመረው መስመርም ላይ የሕመምተኛውን ግፊት አነበበ። ኢብሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1953 በዚያችው ከተማ በሌላ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከፈተ።