የቁም ንድፍ

ሮም ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ውስጥ፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ የአበሻ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ላዩ ጣልያንኛ፣ ታቹ አማርኛ ነው። የጣልያንኛው ነገር ግልጽ ነው፤ ሥዕል የሚወዱ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው፣ ፊታቸው የቆመ ሰው እያዩ እጃቸውን የሚያፍታቱበት ልምምድ አለ ይላል። አማርኛው ግን «የሕይወት ሥዕል ትምህርት ከሕያው ሞዴል ጋር» ይላል። አጠገቤ ማኪያቷቸውን የሚጠጡ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሴት መነጽራቸውን አውጥተው ቀስ ብለው አነበቡና «ልጄ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ነው እንዴ?» አሉኝ።

አልፈረድኩባቸውም። «የሕይወት» የሚል ቃል በአማርኛ ሲጀምር ጆሯችን የሚጠብቀው የሕይወት እንጀራን፣ የሕይወት ውሃን፣ ቢበዛ የሕይወት ታሪክን ነው። «የሕይወት ሥዕል» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ቅዱስ ሥዕል ነው፤ ካልሆነም የአንድ ሰው ኑሮ ከልደት እስከ ሞት የተሳለበት ሰሌዳ። ተርጓሚው ያየው ጣልያንኛውን ሳይሆን «ላይፍ ድሮዊንግ» የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል ነው። እንግሊዞች ልምምዱን በሕይወት ስም የሚጠሩት «ከሕያው ሰው የተወሰደ» ለማለት ነው። ተርጓሚው ያችን «ከ» ጥሎ ቃሉን ብቻ አነሣው፤ ትርጉሙም አብሮ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ይኸንኑ አባባል በሌሎች ማስታወቂያዎችም ላይ አይቼዋለሁ። ሳይሰድ ነው መነቀል ያለበት።

ነገሩን አንባቢ ያውቀዋል፤ ብዙ አልዘረዝርም። አንድ ሰው መሀል ላይ ይቆማል ወይም ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ዙሪያውን ከበው በከሰል ወይም በእርሳስ ይነድፋሉ። መጀመሪያ እጅ እንዲሞቅ የአንድ ደቂቃ አቋቋም፣ ቀጥሎ ረዘም ያለ፣ በመሀል እረፍት። ለዚህ ሮም የቆየች ከተማ ናት፤ ጳጳስ ቤኔዲክቶስ 14ኛ በ1754 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ልምምድ ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ላይ ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። ጣልያኖቹ ሁለት መጠሪያ አላቸው፤ አንዱ እርቃንን ያነሣል፣ ሌላው «ዳል ቬሮ» ማለት «ከእውነተኛው» ይላል። ለኛ የሚጠቅመን ሁለተኛው ነው። «የእርቃን ሥዕል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ አልስማማም። ሞዴሉ ልብስ ለብሶም ይቆማል፣ ቃሉም ሥራውን ትቶ ልብሱ ላይ ያፈጣል።

የኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ሰው አቁመው አልሳሉም። ከመምህር እጅ መልኩን ተቀብለው፣ ጻድቁን ፊቱን ሙሉ፣ ኃጥኡን በጎን በአንድ ዓይን ሲያሳዩ ኖሩ። የራሱ ሕግ ያለው ጥበብ ነው፤ ጉድለት አይደለም። ግን ለዚህ ለሌላኛው ሥራ የተዘጋጀ ቃል አላወረሱንም። በቺካጎ ተምረው የተመለሱት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲከፍቱ ልምምዱ መጣ፤ ስሙ ግን የፈረንጅ እንደሆነ ቀረ። ዛሬም ወጣት ሠዓሊ «ስኬች» ሲል ትሰማዋለህ።

እንግዲህ ምን እንበለው? «ሕያው ሥዕል» ብንል ሕያው የሚሆነው ሥዕሉ ነው፤ ያ ለጥሩ ሥዕል የሚሰጥ ምስጋና እንጂ የልምምድ ስም አይሆንም። «ከእውን መሳል» ያምራል፤ «በእውን እና በሕልም» የሚለው ጥንታዊ አባባላችን ይደግፈዋል። ግን እውን ሰፊ ነው። ጀበናም እውን ነው፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍም እውን ነው። «የቁም ሥዕል» የምንለው ደግሞ አስቀድሞ ባለቤት አግኝቷል፤ የአንድን ሰው መልክ የሚያሳየውን፣ ሳሎን ውስጥ የሚሰቀለውን ነው የምንጠራበት።

እኔ የምደግፈው «የቁም ንድፍ» ነው፤ ግሡ «ከቁም መንደፍ»።

ከ«ንድፍ» እጀምራለሁ። ጥጥ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል። ነዳፊዋ ደጋኑን ጥጡ ላይ አስጠግታ ጅማቱን ስትመታው፣ የተቋጠረው ይፈታል፣ ይነፋል፣ እንደ ደመና ይሆናል። ገና ክር አይደለም፤ ሸማም አይደለም፤ ግን ያለዚህ ክርም ሸማም የለም። ከቀለም በፊት ያለችውን፣ ሠዓሊው ዓይኑንና እጁን የሚያፍታታባትን መስመር ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ሥራ አላውቅም። ንብም ይነድፋል፤ በግእዝም ነደፈ ሲል መውጋት አለበት። ከሰል ይዞ ወረቀት ፊት የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የትከሻ መስመር አንዴ ተወግቶ የሚያዝ ነገር ነው፤ ከተልመሰመሰ ያመልጣል። «ንድፍ ለሕንፃ ተይዟል» የሚለኝ ቢኖር፣ ጣልያኖቹም «ዲሴኞ» በሚል አንድ ቃል ሁለቱንም ይጠራሉ፤ አንዱ ሌላውን ገፍቶ አላስወጣውም እለዋለሁ።

«ቁም» ደግሞ ሀብት ነው። መቆም አለበት፤ ያ ግልጽ ነው። ግን አማርኛ ቁምን ለእግር ብቻ አልተወውም። የቁም ከብት የሚባለው ያልታረደው ነው፤ ተኝቶ ቢያመሰኳም የቁም ከብት ነው። የቁም ተዝካር ያወጣ ሰው በሕይወት ሳለ የራሱን ተዝካር ያበላል፤ ራሱም ተቀምጦ ይበላል። የቁም እስረኛ ቀኑን ሙሉ አልጋው ላይ ቢውልም የቁም እስረኛ ነው። «በቁሜ» የሚል ሰው «በሕይወቴ እያለሁ» ማለቱ ነው። «ሞዴሉ ቢቀመጥስ፣ ቢጋደምስ?» ለሚሉኝ መልሴ ይኸው ነው፤ ተርጓሚው በ«ሕይወት» ሊል ፈልጎ ያቃተው ነገር በ«ቁም» ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ተቀምጧል። ሦስተኛም አለ። የመዝገበ ቃላት ሊቃውንታችን አንድ ቃል ያለ ፍቺ፣ እንዳለ ሲወሰድ «በቁሙ» ይላሉ። ሳያስጌጡ፣ ሳይጨምሩ፣ እንዳለ። አንድ የሥዕል መምህር ከተማሪው የሚፈልገው ይህንኑ አይደለም? መቆም፣ መኖር፣ እንዳለ መሆን፣ ሦስቱም በአንድ ባለሁለት ፊደል ቃል።

ጥቅሙ በተግባርም ይታያል። በቀድሞው የአውሮፓ ሥርዓት ተማሪ በሦስት ደረጃ ያልፍ ነበር፤ ከሥዕል መቅዳት፣ ከሐውልት መንደፍ፣ ከቁም መንደፍ። በአማርኛ እንዲህ ተደርድሮ ሲነበብ ማብራሪያ አይፈልግም። ሁለተኛውን ደረጃ ማየት የሚፈልግ ከተርሚኒ ፊት ለፊት ፓላትሶ ማሲሞ ይግባ። በ1885 እ.ኤ.አ. ኩዊሪናሌ ኮረብታ ላይ ተቆፍሮ የወጣው የነሐስ ቦክሰኛ እዚያ ተቀምጧል፤ እጁ በጠፍር እንደታሰረ፣ አንገቱን ወደ ቀኝ አዙሮ። ቁስሉና የደሙ ጠብታ በቀይ መዳብ ተለብጠው ክንዱና ጭኑ ላይ ይታያሉ። እንዲህ ያለውን የሠራ እጅ መጀመሪያ ሰው አይቷል።

ለሰውየው ግን አዲስ ቃል አልፈልግለትም፤ «ሞዴል» ይኑር። አርአያን ያቀረቡ አሉ፤ ከማየት የወጣ ስለሆነ ሥሩ ትክክል ነው፤ ግን ዛሬ አርአያ ሲባል በጎ ምሳሌነት ነው የሚሰማን። «ተነዳፊ» ብንለው ንብ የነደፈው ይመስላል። ሞዴል ደግሞ ሞዴል 19ን በሚያውቅ የመሥሪያ ቤት ሰውም፣ ሞዴል አርሶ አደርን በሚያውቅ ገበሬም ዘንድ ቤተኛ ሆኗል። ቋንቋን መጠበቅ ማለት እንግዳን ሁሉ ማባረር አይደለም። ቤት ውስጥ ያለውን ሳያዩ ውጭ መለመን ነው የሚያናድደኝ።

ሮም ላይ ይህን ስጽፍ የማስበው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ነው። ዘጌ ተወልዶ፣ ሥዕል ሊማር ጣልያን ተልኮ፣ ቶሪኖ በሚገኘው አልበርቲና አካዳሚ የተማረ ሰው ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሮም መጽሐፉን ሲያሳትም ሽፋኑ ላይ የሰፈረው «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር። በየቀኑ «ሮማንዞ» የሚል ቃል በሚሰማበት አገር፣ ቃሉን ትቶ ነገሩን አየ። ይህ ታሪክ ከየት መጣ? ከልብ ተወለደ። ርእሱም የአንድ የጽሑፍ ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ ሁላችንም ልብ ወለድ እንላለን። ሰውየው በኋላ ከፋሺስት ወረራ ጋር በመወገኑ ስሙ ጎድፏል፤ ቃሉ ግን አልጎደፈም። ያን ጊዜ ያደረገውን ከቁም መንደፍ እለዋለሁ፤ «የሕይወት ሥዕል» ያለው ተርጓሚ ግን ከሥዕል ቀዳ።

ይህን ሁሉ ለሴትዮዋ አልነገርኳቸውም። «የሰንበት ትምህርት ቤት አይደለም እትዬ፤ ሰው እያዩ የሚስሉበት ነው» ነው ያልኳቸው።

«አሃ! መቆም በለኛ» አሉ። «እኔስ ቆሜላቸው የለም?»

ወጣት ሳሉ እዚሁ ሰፈር አቅራቢያ ሰው ቤት ይሠሩ ነበር። የእረፍታቸው ቀን ሐሙስ ከሰዓት ነበር። አሠሪያቸው የሚያውቋቸው ሠዓልያን ጠይቀዋቸው፣ የአገር ልብስ ለብሰው ነጠላቸውን ተከናንበው ይቆሙላቸው ነበር። «እግሬ ዙሪያ በጠመኔ ያሰምሩበታል» አሉ፤ «ከእረፍት ስመለስ እዚያው ውስጥ እንድገባ። ሳልነቃነቅ። በልቤ የሐሙሱን ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፤ እሱን ሳበቃ እነሱም በቃ ይላሉ።»

የቡና ቤቱን ባለቤት አስፈቅጄ ማስታወቂያው ላይ የአማርኛውን መስመር ሰረዝኩና ከሥሩ «የቁም ንድፍ ልምምድ» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ አነበቡ፤ ከታች ያለችውን ስልክ ቁጥር በጣታቸው ተከተሏት።

«ቁጭ ብዬስ ይሆናል?» አሉኝ። «ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም።»

«ይሆናል እትዬ» አልኳቸው።