የሰባ ዶላር ክስ

በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የተለመደው የመገበያያ መጠን መቶ አክሲዮን ነበር። ለዚያ ገንዘቡ የማይበቃው ሰው ከመቶ በታች ሲገዛ ወይም ሲሸጥ፥ ይህን ንግድ ከመቶ 99 እጁን የያዙት ሁለት የደላላ ድርጅቶች በያንዳንዱ አክሲዮን ላይ ጥቂት ሳንቲም ያስከፍሉት ነበር። በ1966 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) አይዘን የሚባል ገበያተኛ፥ ዋጋው ከመጠን ያለፈ ነው ሲል ከሰሳቸው። የርሱ ጉዳት 70 ዶላር ነው። ለ70 ዶላር የሚሟገት ጠበቃ ከወዴት ይገኛል? ስለዚህ የከሰሰው ለራሱና እንደርሱ ለተጎዱት ሁሉ ሆኖ ነው፤ እነርሱም ወደ 6 ሚሊዮን ይገመቱ ነበር።

በዚያው ዓመት የተሻሻለው የፌዴራል ሥነ ሥርዓት ደንብ 23ኛ ቍጥር ለእንዲህ ያለው ክስ በሩን ከፍቶ ነበር። ተጎጂው ዝም ቢል ከከሳሾቹ ይቆጠራል፤ የማይፈልግ ልውጣ ማለት አለበት። ለመውጣት ግን ክስ መኖሩን ማወቅ ያሻል። ስለዚህ ደንቡ፥ በተገቢ ጥረት ሊታወቁ ለሚችሉት ማስታወቂያ ለየራሳቸው ይድረሳቸው ይላል። ክርክሩ ሁሉ የወደቀው በዚህች ቃል ላይ ነው።

ስማቸውና አድራሻቸው ሊገኝ የሚችል 2,250,000 ሰዎች ነበሩ። ደብዳቤውን አሽጎ ለመላክ ለያንዳንዱ 10 ሳንቲም ሲሰላ 225,000 ዶላር ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ዳኛ ብልሃት ፈለጉ። አዘውትረው ለነገዱ 2,000 ያህልና በዕጣ ለተመረጡ 5,000 ሰዎች ደብዳቤ ይላክ፥ ለቀሩት በጋዜጣ ይነገር አሉ፤ ወጪው 21,720 ዶላር ሆነ። ከሳሹ ሊረታ እንደሚችል አስቀድመው መርምረውም፥ ከወጪው ከመቶ 90 እጁን ተከሳሾቹ ይክፈሉ ብለው አዘዙ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 ዓ.ም. ይህን ሻረ። ዳኛ ፓወል በጻፉት ፍርድ፥ ሊታወቅ የሚችል ሁሉ ደብዳቤ ይድረሰው፤ ወጪውን ከሳሽ ይቻል፤ ክርክሩ ሳይሰማ ማን ይረታል ብሎ መመርመርም አይፈቀድም ተባለ። ሰው ሳያውቅ በፍርድ አይታሰር ማለታቸው ያስመሰግናል። ነገር ግን 70 ዶላር ያጣ ሰው ሩብ ሚሊዮን ዶላር ለፖስታ ይክፈል ማለት፥ በእኔ አስተያየት፥ ሊጠበቅ የታሰበውን ሰው ከነመብቱ ከደጅ ማስቀረት ነው። አይዘን አልከፍልም አለ፤ የጋራ ክሱም ተዘጋ። ዋጋው ከመጠን ያለፈ መሆን አለመሆኑን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሳይነካው ቀረ።

የቴምብሩ ነገር ኋላ ቀሏል፤ ከ2018 ዓ.ም. ማሻሻያ ወዲህ ደንቡ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ማስታወቅንም በግልጽ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. ይኸው ፍርድ ቤት፥ ደንበኛው በየግሉ ወደ ግልግል ዳኛ እንጂ በጋራ ወደ ክስ እንዳይሄድ የሚያግድ የስልክ ኩባንያ ውል ይጸናል ብሎ ነበር። ለክርክሩ መነሻ የሆነው ገንዘብ 30 ዶላር ያህል ነው።