በወረቀት የተዋጋው መኮንን

ታኅሣሥ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ፈረንጆቹ ገናን በሚያከብሩበት ዕለት፣ በሕንድ ቤንጋል ውስጥ አንዲት ወታደራዊ ጂፕ ተገለበጠች። ሌተና ኮሎኔል ጆርጅ ስቲር ሞተ። ዕድሜው 35 ነበር። ጥይት አልመታውም፤ ጦርነት መሀል የመኪና አደጋ ገደለው።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ ታገሱን። ያገባናል።

ስቲር ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ እንግሊዝ የተማረ ጋዜጠኛ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ የኢጣልያ ወረራ አይቀሬነቱ ሲታወቅ፣ የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ። ያኔ 25 ዓመቱ ነው፤ ከእኛ የብዙዎቻችን እኩያ ማለት ነው። ያን ሰሞን ከተማዋ በውጭ ጋዜጠኞች ተጥለቅልቃ ነበር። ብዙዎቹ የጠበቁት ጦርነት ቶሎ አልደርስ ሲላቸው ተሰላችተው፣ በአገሪቱ እየቀለዱ ሄዱ። ስቲር ግን ቆየ፤ ሰዉን ቀረበ፤ ያየውን ጻፈ።

ካያቸው ነገሮች አንዱ የመርዝ ጋዝ ነው። ኢጣልያ ጋዝ በጦርነት እንዳይሠራበት የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማለች። ፈርማም ከአውሮፕላን በገበሬና በእረኛ ላይ ታዘንበው ነበር። ይህን ለዓለም ካሰሙት ብዕሮች አንዱ የእሱ ነው። ዓለም ሰማ፤ ምንም አላደረገም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ። ከተማዋ በዘረፋና በእሳት ስትታመስ፣ ስቲር በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ማርጋሪታ የምትባል ጋዜጠኛ አገባ። እንዲህ ያለ ሠርግ የማን ነው? ሚያዝያ 27 የኢጣልያ ጦር ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ስቲርን ከአገር አስወጣው። እሱም በዚያው የፈረንጆች ዓመት ያየውን ሁሉ «ቄሳር በአቢሲንያ» ብሎ በመጽሐፍ አወጣው። በቀጣዩ ዓመት ማርጋሪታ በወሊድ ምክንያት ሞተች፤ ልጁም አልተረፈም።

ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ስቲርን ስፔን ውስጥ እናገኘዋለን። የጀርመንና የኢጣልያ አውሮፕላኖች ጌርኒካ የምትባለውን የባስኮች ከተማ በገበያ ቀን ደበደቧት። የፍራንኮ ወገን «ያቃጠሏት ራሳቸው ባስኮች ናቸው» አለ። ስቲር ግን ሌሊቱን እዚያው ደርሶ ነበርና የጀርመን ምልክት ያለባቸውን የእሳት ቦምቦች ጠቅሶ ጻፈ። ፒካሶም «ጌርኒካ» የተባለውን ዝነኛ ሥዕሉን የሣለው ያን ሰሞን በፓሪስ ጋዜጦች ከተሠራጨው ዜና ተነሥቶ ነው። ልብ በሉልን፤ ስቲር ከሰማይ የሚወርድ እሳት በገበያተኛ ላይ የሚያደርሰውን ያወቀው ስፔን አይደለም። እኛ ዘንድ ተምሮ ነው የሄደው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ደግሞ የበለጠ ይመለከተናል። በ1932 ዓ.ም. በስደት እንግሊዝ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለስቲር ልጅ ክርስትና አነሡለት። በዚያው ዓመት ሰኔ ኢጣልያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። አበ ልጁ ስቲር የጦር መኮንን ሆኖ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ ሱዳን አቀና። የተሰጠው ሥራ ግን ከጠመንጃ ይልቅ ማተሚያ ቤትን የሚመለከት ነበር።

በስደት ካሉ ኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአማርኛ በራሪ ወረቀት ማሳተም ጀመረ። የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ በይሁዳ አንበሳ ማኅተም ታትሞ ከአውሮፕላን ይበተን ነበር። አራት ዓመት ሙሉ «ንጉሥህ ጥሎህ ሄዷል» ሲባል ለኖረ ሰው፣ ማኅተሙ ብቻውን ዜና ነው። ያነበበው ላላነበበው ይነግረዋል። ለኢጣልያ የሚዋጋው የአገር ልጅ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ወገኑ እንዲመለስ ጥሪ ይደርሰዋል። በ1933 ዓ.ም. ከረን ላይ ውጊያው ሲከር፣ የስቲር ክፍል በድምፅ ማጉያ ከምሽግ ምሽግ ይጣራ ነበር። «ባንዲራችን» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣም የዚህ ሥራ ውጤት ነው። ከነፃነት በኋላ ስሙ «ሰንደቅ ዓላማችን» ሆኖ ዘለቀ። ያን ጋዜጣ አባቶቻችንና አያቶቻችን ያውቁታል። ከጀርባው የነበረውን ሰው ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አሁን ጥያቄ ይመጣል፤ መምጣትም አለበት። «ደግሞ ፈረንጅ ነፃ አወጣን ልትሉን ነው?» አይደለም። አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋደቁት አርበኞች ናቸው። ቤቷን ዘግታ የዘመተች፣ ስንቅ ያቀበለች፣ የተሰቀለ ወንድሟን የቀበረች እህት ናት። የስቲር አገር እንግሊዝማ በ1931 ዓ.ም. የኢጣልያን ወረራ ሕጋዊ ብላ ተቀብላው ነበር። እኛ ዕዳ አለብን የምንለው ለእንግሊዝ አይደለም። መንግሥቱ ፊቱን ባዞረበት ሰዓት ፊቱን ላላዞረ አንድ ወጣት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማመስገን የአርበኞቹን ክብር አንዲት ጠብታ አይቀንሰውም። እንዲያውም ገድላቸው ለሌላ ሰው ጭምር የሚታይ እንደነበር ይመሰክራል።

ሌላም አለ። ስቲር መጀመሪያ ምስክር ነበር፤ ኋላ ፕሮፓጋንዲስት ሆነ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጋዜጠኛ ወገን ሲይዝ መጠርጠር አለበት፤ እኛም ስናነበው እንጠርጥር። ነገር ግን ጋዙንም ጌርኒካንም ሌሎች ሲክዱ እሱ የጻፈውን ታሪክ አጽንቶታል። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስቲር ከጻፈ ከስልሳ ዓመት በኋላ!

ባስኮች አልረሱትም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጌርኒካ ላይ ሐውልት አቆሙለት፤ ቢልባኦ ውስጥም መንገድ ተሰይሞለታል። ስለ እነሱ የጻፈው ለጥቂት ወራት ነው። እኛ ዘንድ ዘግቧል፣ ተድሯል፣ ተባሯል፣ ተመልሶም ዘምቷል።

ሐውልት ይቁም ብለን ኮሚቴ አናቋቁምም፤ የኮሚቴን ነገር እናውቀዋለን። የምንለው አንድ ነው፤ መጽሐፉን እናንብብ። ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር የአርበኞቻችንን ስም ጠርተን ስንጨርስ፣ ከሥር ጆርጅ ስቲር ብንል ደግሞ ማንም አይጎዳም።